ቨርጂኒያ ውስጥ «የኢትዮጵያውያን ሬጅመንት» የሚባል ጦር ነበረ እንዴ?

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ አራተኛ ክፍል ላይ የስቴቱን ታሪክ ይማራሉ። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት መጣና ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «አባዬ፣ እኛ ለእንግሊዝ ነው እንዴ የተዋጋነው?» አለኝ። አልገባኝም። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። በ1775 ቨርጂኒያ ውስጥ «የኢትዮጵያውያን ሬጅመንት» የሚባል ጦር ነበረ ይላል። በእንግሊዝ በኩል ተሰልፎ ያመፁትን አሜሪካኖች ወግቷል ይላል።

እዚህ አገር ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ይህን ሰምቼ አላውቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለጓደኞቼ ብነግራቸው አንዱ «እንዴታ! የእኛ ሰዎች ያኔም እዚህ ነበሩ» አለ። ሌላው ደግሞ «ተወው፣ ዝም ብሎ ስም ነው» አለ። ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆሞ ስለዚህ ሊናገር ነው። ያልሆነ ነገር እንዲናገር አልፈልግም። የሆነውን ደግሞ ቀና ብሎ እንዲናገር እፈልጋለሁ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ይሄ ስቴት ስንት ውጊያ ነው ያየው? በ66 አውራ ጎዳና ብትሄዱ፣ በ95 ብትወርዱ፣ ቡናማ ታፔላ ነው፤ «የጦር ሜዳ» «የጦር ሜዳ» ይላል። ለምንድነው እዚህ እንዲህ የበዛው? ልጁን ይዤ ልሂድ ብል ከየት ልጀምር?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ሰላም ወንድሜ። አገር ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ጦሩ ነበረ። ስሙም እውነት ነው። ሰዎቹ ግን ከእኛ አገር የመጡ አይደሉም።

በ1775 ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። ገዢዋ ሎርድ ዳንሞር ይባላል። ሕዝቡ ሲያምፅበት ከዋና ከተማው ከዊሊያምስበርግ ሸሽቶ መርከብ ላይ ገባ። እጁ ላይ የቀረው ወታደር ጥቂት ነው። ኖቬምበር 7 ቀን አንድ አዋጅ ጻፈ። ያመፁት ሰዎች ባሪያዎች መሣሪያ ለመያዝ ብቁ ከሆኑና ወደ እኔ ከመጡ ነፃ ናቸው አለ።

ይቺን አዋጅ ልጅህ ረጋ ብሎ ያንብባት። ነፃ የሚወጡት የአመፀኞቹ ባሪያዎች ብቻ ናቸው። ለንጉሡ የታመነ ጌታ ባሪያዎቹን እንደያዘ ይቀጥላል። ዳንሞር ራሱም ባሪያ ነበረው። ሰውየው ወታደር አጥሮት ነው፣ የጠላቶቹንም ጉልበትና ሀብት ሊነጥቃቸው ፈልጎ ነው። ለሰሙት ሰዎች ግን ሐሳቡ ምንም ይሁን ምን በሩ ተከፍቷል። ሌሊት በጀልባ፣ በእግር፣ ረግረጉን እየተሻገሩ፣ አንዳንዱ ሚስትና ልጁን ይዞ፣ ወደ ኖርፎክ ጎረፉ። ከተያዙ ግርፋት ወይም ሩቅ አገር መሸጥ አልያም ሞት እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ፤ እያወቁ ሄዱ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 300 ያህሉ ታጠቁ። በኋላ እስከ 800 እንደደረሱ ይጻፋል። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ እንዳወራው ልብሳቸው ላይ «ነፃነት ለባሪያዎች» የሚል ጽሑፍ ነበረ። እኔን ሁልጊዜ የምትነካኝ እሷ ናት። ያንን ለብሰህ የትናንት ጌታህ ፊት ስትቆም አስበው።

ወደ ስሙ እንምጣ። ያኔ እንግሊዞች ጥቁር ሰውን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይሉ ነበር። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ፊቱ የተቃጠለ እንደ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥም አለ። የእኛን አገር ግን «አቢሲኒያ» ነበር የሚሏት። ጎንደር ላይ ያኔ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ዘመነ መሳፍንት ገና መግባቱ ነው። የሬጅመንቱ ሰዎች ዘራቸው በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ብዙዎቹም እዚሁ ቨርጂኒያ የተወለዱ ናቸው።

ትልቁ ውጊያ የተደረገው ዲሴምበር 9፣ ግሬት ብሪጅ ላይ ነው። ዛሬ ቼሳፒክ ከተማ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ረግረግ መሃል አንድ ድልድይና አንድ ጠባብ መንገድ። የእንግሊዝ ወታደሮች በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ተጠጋግተው ወደ አሜሪካኖቹ ምሽግ ሄዱ። አሜሪካኖቹ እስኪቀርቡ ጠብቀው ተኮሱባቸው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። መሪው ሻምበል ፎርዳይስ እዚያው ወደቀ። ከአሜሪካኖቹ በኩል የቆሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ይሄን ልብ በልልኝ፦ በአሜሪካኖቹም በኩል ቢሊ ፍሎራ የሚባል ነፃ ጥቁር ዘብ ነበረ። ሌሎቹ ዘቦች ሲያፈገፍጉ እሱ እየተኮሰ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። በሁለቱም ወገን ጥቁር ሰው ነበረ።

ሬጅመንቱን የጨረሰው ጥይት አልነበረም። ፈንጣጣ ነው የጨረሰው። በ1776 ግዊን በምትባል ደሴት ላይ ሰፍረው ሳለ በመቶዎች ሞቱ። ዳንሞር በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቨርጂኒያን ለቆ ሲሄድ የተረፉትን ይዞ ሄደ።

ስለዚህ ልጅህ «ስማችን ተሰጥቷቸው ነበር፣ ከአገራችን ግን አልመጡም» ቢል ትክክል ነው።

ሹፌሩ 95፦

መምህር እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን እኔም አላውቀውም ነበር። «ለምን በዛ» ለሚለው እኔ ልሞክር። ከውድብሪጅ እስከ ሪችመንድ ስመላለስ ስንት ዓመቴ ነው፣ መንገዱ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

ካርታ አውጣና ዋሽንግተንንና ሪችመንድን ፈልግ። መሃላቸው 100 ማይል ገደማ ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1861 እስከ 1865 ማለት ነው፣ አንዱ የሰሜኑ ዋና ከተማ ነው፣ ሌላው የደቡቡ። ሁለት ጠላት መንግሥታት በሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ ተራርቀው ተፋጠዋል። ሰሜኑ ሪችመንድን ልያዝ ይላል፣ ደቡቡ መንገድ ይዘጋል። ወንዞቹ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚፈሱት። ራፓሃኖክ፣ ራፒዳን፣ ኖርዝ አና፣ ቺካሆሚኒ፣ እያሉ መንገዱን ያቋርጡታል። ሰሜኑ አንዱን ሲሻገር ሌላው ይጠብቀዋል። ደቡቡ ከየወንዙ ጀርባ ይመሽጋል። ለዚህ ነው ከሌላው ስቴት ሁሉ በላይ እዚህ የተዋጉት። እኛ በ95 ስንነዳ ድልድዩን ሳናየው እናልፈዋለን፤ እነሱ ለያንዳንዱ ሺህ ሰው ከፍለዋል።

ሬጅመንቱን ለልጅህ ካስረዳኸው በኋላ ለጉብኝቱ ማናሳስን አስቀድም፣ ቅርብ ነው፣ በ66 ነው። ጁላይ 21 ቀን 1861፣ እሁድ ነበር። ከዋሽንግተን ሰው ምግብ ቋጥሮ በሠረገላ ሊመለከት መጣ። ጦርነቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሏቸው ነው። ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ ጦር ፈረሰና ወታደሩም ተመልካቹም በአንድ መንገድ ተጋፍቶ ሸሸ። ሄንሪ ሂል የምትባል ኮረብታ ላይ አንድ ቤት አለ። ጁዲት ሄንሪ የሚባሉ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው አሮጊት ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። መድፍ ቤታቸውን መታው፣ እሳቸውም ሞቱ። መቃብራቸው እዚያው ቤቱ አጠገብ ነው። በዓመቱ ኦገስት 1862 እዚያው ሜዳ ላይ እንደገና ተዋጉ፣ እንደገና ደቡቡ አሸነፈ።

ለእኔ ግን የሁሉም ከባዱ ፍሬደሪክስበርግ ነው። ዲሴምበር 13 ቀን 1862። የሰሜኑ ጀነራል በርንሳይድ ወንዙን የሚሻገርበት ተንሳፋፊ ድልድይ ዘገየበት። እሱ ድልድይ ሲጠብቅ የደቡቡ ጀነራል የሊ ጦር ኮረብታው ላይ ተደላድሎ መሸገ። ኮረብታው ሥር ጎድጓዳ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ የድንጋይ ካብ። ወታደሮቹ ከካቡ ጀርባ በመደዳ ቆመው ይተኩሳሉ። ከፊት ያለው ገላጣ ሜዳ ነው፣ መጠለያ የሚባል ነገር የለውም። በርንሳይድ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ሰው ላከ፣ ላከ፣ ላከ። አንድም ሰው ካቡን አልነካም። ሰሜኑ በዚያ ውጊያ 12,600 ያህል ሰው ነው ሞቶም ቆስሎም ያጣው።

ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። ካቡ አጠገብ ኢኒስ የምትባል ትንሽ ቤት አለች። የውስጥ ግድግዳዋ ላይ የጥይቱ ቀዳዳ እስካሁን ይታያል። ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ መቃብሩ ነው፤ ከ15,000 በላይ ወታደር ተቀብሯል። አብዛኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስም የለሾቹ ላይ ያለው ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው፣ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል። ከላይ ያለው የመቃብሩ ቁጥር ነው፤ ከታች ያለው እዚያ የተቀበረው ሰው ብዛት። ልጄ የታችኛውን ቁጥር ብቻ እያነበበች ሄደች፤ «3፣ 5፣ 2፣ 4…»። ከዚያ ዝም አለች። እስከ ቤት ድረስ አላወራችም።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጻፉትን ማታ ለልጄ በአማርኛ አነበብኩለት፣ የማይገባውን በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። «ነፃነት ለባሪያዎች» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመኝና «ከዚያ በኋላ ጥቁሮቹ ወታደር መሆን ተዉ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ጥቁር ሰሌዳ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀህ። ከአሜሪካኖቹ የአብዮት ጦርነት እስከ መጨረሻው አልተዉም። በ1781 ዮርክታውን ላይ የእንግሊዙ ጀነራል ኮርንዋሊስ ሲከበብ በሁለቱም በኩል ነበሩ። የአሜሪካኖቹ ጀነራል ዋሽንግተንና ፈረንሳዮቹ በየብስ፣ የፈረንሳይ መርከቦች በባሕር ዘግተውበት ኦክቶበር 19 እጁን ሰጠ። ጦርነቱን የቆረጠው ያ ነው። ከከበባው በፊት ጄምስ የሚባል በባርነት ያለ ሰው የኮርንዋሊስ ሰፈር ገብቶ ለአሜሪካኖቹ ይሰልል ነበር። ከአሜሪካኖቹ ጋር የተሰለፈው የፈረንሳዊው ጀነራል የላፋየት ሰላይ ነው። ወሬው ሁሉ በእሱ በኩል ይመጣ ነበር። አሜሪካ ነፃ ስትወጣ ግን እሱ ወደ ባርነቱ ተመለሰ። ለአገልግሎት ነፃ የወጡት በወታደርነት የተመዘገቡት ናቸው፣ አንተ ሰላይ ነበርክ ተባለ። ላፋየት ራሱ የምስክር ወረቀት ጻፈለት። በ1787 ነው ነፃ የወጣው። ከዚያ ስሙን ጄምስ ላፋየት አለ።

ወደ ኮርንዋሊስ የሸሹት ባሪያዎችስ? ምግብ ሲያልቅና ፈንጣጣ ሲገባ የታመሙትን ከምሽጉ አስወጣቸው። ብዙዎቹ ጫካ ውስጥ ሞቱ። ይሄ ክፍል ለአራተኛ ክፍል ልጅ ከባድ ነው፣ አንተ እንደምታውቀው አድርግ።

የርስ በርስ ጦርነቱን የሚያውቅ ካለ ይቀጥል።

የሪችመንዷ፦

እኔ ልቀጥል መምህር። ሪችመንድ ነው የምኖረው፣ ይሄ ነገር ደግሞ ከቤቴ ብዙም አይርቅም።

ወንድሜ፣ ለልጅህ በሜይ 1861 ልጀምርለት። ቨርጂኒያ ከአሜሪካ ኅብረት በወጣች ማግስት ማለት ይቻላል፣ ሦስት በባርነት ያሉ ሰዎች ሌሊት በጀልባ ወደ ፎርት ሞንሮ ሸሹ። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ ይባላሉ። ምሽጉ በሰሜኑ እጅ ነበር። ጌታቸው መልሱልኝ ብሎ መልክተኛ ላከ። ጀነራል በትለር አልመልስም አለ። እነዚህን ሰዎች ለጦርነት ሥራ እያዋላችኋቸው ነው፣ ስለዚህ ከጠላት እንደተማረከ ንብረት እይዛቸዋለሁ አለ። «ንብረት» ማለቱ ያማል። ግን ወሬው ሲሰማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው። በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ወደ ቨርጂኒያ የገቡትም በዚያው ዳርቻ ነው። በገቡበት በር መውጣት ጀመሩ።

ከ1863 ወዲህ ጥቁሮች በይፋ ለሰሜኑ ጦር ተመልምለው ዘመቱ። በወር ለነጩ ወታደር 13 ዶላር፣ ለእነሱ 10 ነበር፣ ከዚያም ላይ 3ቱ ለልብስ ይቆረጣል። ብዙዎቹ እኩል ካልሆነ አንቀበልም አሉ። እኩል የተደረገላቸው በጁን 1864 ነው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 30 ፒተርስበርግ ላይ የሆነውን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። የፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከደቡቡ ምሽግ ሥር ከ150 ሜትር በላይ ዋሻ ቆፈሩ። 8,000 ፓውንድ ባሩድ ቀበሩና ገና ሳይነጋ አፈነዱት። ቀድሞ ለመግባት የሠለጠነው የጥቁሮቹ ክፍል ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት ትእዛዙ ተቀየረና ያልሠለጠነ ሌላ ክፍል ገባ። እነዚያ ጉድጓዱን ዞረው ማለፍ ሲገባቸው ውስጡ ገቡበትና መውጫ አጡ። ጥቁሮቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው የተላኩት። እጃቸውን ሰጥተው ሳለ የተገደሉት ብዙ ናቸው። ጉድጓዱ ዛሬም አለ፣ ሣር ለብሷል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 29፣ ኒው ማርኬት ሃይትስ። ከሪችመንድ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ጥቁሮቹ ክፍሎች በረግረግና በተከመረ እንጨት መሃል ወደ ምሽጉ ወጡ። አዛዣቸው ያ በትለር ነው፣ የፎርት ሞንሮው። ክርስቲያን ፍሊትዉድ የሚባል ሳጅን ሜጀር ባንዲራ ያዦቹ ሲወድቁ ባንዲራውን አንስቶ ቀጠለ። ፓውሃታን ቤቲ ደግሞ የሻምበሉ መኮንኖች ሁሉ ሞተውና ቆስለው ሲያልቁ ራሱ አዛዥ ሆኖ ሰዎቹን መራ። ምሽጉ ተያዘ። ለዚያ ቀን ሥራ 14 ጥቁር ወታደሮች የአሜሪካን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለሙ። በሚያዝያ 1865 ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሲሰጥም ጥቁር ሬጅመንቶች እዚያ ቆመው ነበር። ለልጅህ «አልተዉም፤ እስከ መጨረሻው ቀን ነበሩ» በለው።

ሹፌሩ 95፦

አፖማቶክስን ካነሳሽው አይቀር እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ማናሳስ አጠገብ የዊልመር ማክሊን እርሻ ነበር። በ1861 የደቡቡ ጀነራል ቤቱን መምሪያ አደረገው፣ መድፍም መታው። ሰውየው በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ራቅ ወዳለች መንደር ሄደ፣ አፖማቶክስ። ሊ በኤፕሪል 9 ለሰሜኑ ጀነራል ለግራንት እጁን የሰጠው በማክሊን ሳሎን ውስጥ ነው።

ስሙን በተመለከተ ግን መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዝም ብሎ እንግሊዝ የለጠፈው ስም ነው ብለን እንተወው?

ጥቁር ሰሌዳ፦

አንተወውም። ስሙን የሰጡት ሌሎች ናቸው፣ እውነት ነው። የተሰጣቸው ሰዎች ግን የራሳቸው አደረጉት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እነሱም በባርነት ውስጥ ሆነው ያችኑ ጥቅስ ስለ እኛ ነው ብለው ያዟት። በ1808 ኒው ዮርክ ላይ ጥቁሮች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ «አቢሲኒያን» አሉት፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ በደም አልመጡም ስንል አይመለከቱንም ማለታችን አይደለም። በአገራችን ስም ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። እኔ ለእነሱ የማስበው እንደ ዘመድ ነው።

የሪችመንዷ፦

ወንድሜ፣ አንተ አሌክሳንድሪያ ስላለህ ሩቅ ሳትሄድ እዚያው ጀምር። ዋሽንግተን ስትሪት መጨረሻ ላይ፣ ወደ ዊልሰን ድልድይ ስትጠጋ፣ የነፃ ወጪዎቹ መቃብር አለ። ከባርነት ሸሽተው ወደ ከተማው የመጡት ናቸው፤ ከ1864 እስከ 1869 ድረስ 1,700 ያህል ሰው ተቀብሯል። ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ከዚያ ተረሳ። በ1950ዎቹ ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። መታሰቢያው የተመረቀው በ2014 ነው፣ ስማቸው በነሐስ ላይ ተጽፏል።

ጥቁር ወታደሮችም መጀመሪያ እዚያ ነበር የሚቀበሩት። በዲሴምበር 1864 ሆስፒታል የተኙት ቁስለኞች ይሄ አይሆንም አሉ። 443 ሰው ፈረመ። ወታደር ነን፣ ከወታደር ጋር ቅበሩን ነው ያሉት። ተሳካላቸው፤ የሞቱት ጓደኞቻቸውም ተነሥተው ዊልክስ ስትሪት ወዳለው የወታደሮች መቃብር ተዛወሩ። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ታዩታላችሁ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦

ቅዳሜ ሄድን። መጀመሪያ የነፃ ወጪዎቹን፣ ከዚያ የወታደሮቹን። በዚያ መንገድ ለሥራ ስመላለስ ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም። ልጄ ነሐሱ ላይ ያሉትን ስሞች በጣቱ እየነካ ቆየና «ነዳጅ የሚቀዱት ሰዎች ከሥራቸው ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ክፍል ውስጥ ተናግሯል። «ስማችን ተሰጥቷቸው ነበር፣ ከአገራችን ግን አልመጡም» ብሎ ጀምሮ በ443ቱ ነው የጨረሰው። እሱ ራሱ ነው የመረጠው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍሬደሪክስበርግ ነን። ሹፌሩ፣ ያቺ የጥይት ቀዳዳ ያለባት ቤት በየት በኩል ናት?

ሹፌሩ 95፦

ከጎብኚዎች ማዕከሉ ወጥተህ ጎድጓዳውን መንገድ ያዝ። ካቡ በቀኝህ ይሁን። ትንሽ ነጭ ቤት ናት፣ አታልፋትም። በሩ ዝግ ከሆነ በመስኮቱ አሳየው።